ከቲቪ ጀርባ የዋልኩበት ቅዳሜ

ዛሬ ሙሉ ቀን ቲቪ ጋ ዋልኩ። ከፊቱ ሳይሆን ከጀርባው!

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንገባ አንድ ዘመዳችን የሰጡን፣ ቁምሳጥን የሚያህል የድሮ ፕሮጀክሽን ቲቪ ቤዝመንት አለን። ሰሞኑን ምስሉ ተንጋደደ። ዜና አንባቢዋ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆና ሦስት ቦታ ትታያለች። ባለቤቴ «ይጣልልን!» አለች። ማን ይሸከመዋል?

ከፈትኩት። ውስጡ ሦስት የምስል ቱቦ አለ፣ ለየቀለሙ አንድ። ሦስቱ ምስሎች በመስታወት ነጥረው ስክሪኑ ላይ ልክ አንዱ ባንዱ ላይ ማረፍ አለባቸው። ይህን የሚያስተካክሉት የኮንቨርጀንስ ቺፖች ሙቀት ይገድላቸዋል። የእነዚህ ቲቪዎች የታወቀ በሽታ ነው። (ከሶኬት ተነቅሎም ቱቦው አደገኛ ቮልቴጅ ይይዛል። እጃችሁን ሰብስቡ!)

ቺፖቹን ቀየርኩ፣ ሙቀት የሚያሸሽ ቅባት ቀባሁ። የድሮውን ብየዳ ማላቀቅ ግን አበሳዬን አሳየኝ። ሳበራው ያው ሦስት ሴትዮ! ለካ አንዲት ሚጢጢ ፊውዝ ተቃጥላ ኖሯል። መጀመሪያ እሷን መለካት ነበረብኝ።

ማታ ሦስቱን ቀለም በሪሞት አንድ በአንድ አገጣጠምኩ። አረንጓዴው ጥግ ላይ አሁንም ትንሽ ይሸሻል። ባለቤቴ ወርዳ አየችና «ቡናው ሦስተኛው ደርሷል» ብላኝ ተመለሰች።