ከቆምን በኋላ የመጣው አደጋ

የመስክ ሥራ ቡድናችንን የሚያመላልሱት ሾፌር በጠባብ የገጠር መንገድ ላይ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፉም። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ሲያጉረመርሙ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ከሚታየኝ መንገድ የእኔ ግማሹ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ የመጪው ነው።» ነገሩ ስሌት ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከፊት የሚመጣውም እንዲሁ ከሆነ፣ ሁለቱ በየሰከንዱ ከ33 ሜትር በላይ ይቀራረባሉ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚኬደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ጠጠር ላይ ይብሳል።

አንድ ቀን ቁጥቋጦ በጋረደው ኩርባ ላይ ከከባድ የጭነት መኪና ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሁለቱም ቆሙ። ሁላችንም እፎይ አልን፤ አደጋው ግን ገና ነበር።

የጭነት መኪናው ሾፌር «ዳር ያዙልኝ» ብሎ በእጁ አመለከተ። የእኛው ሰው ወርደው የመንገዱን ጠርዝ በተረከዛቸው ረገጡት። ላዩ ደረቅ ጠጠር ነው፤ ሥሩን ግን የሌሊቱ ዝናብ አላልቶት ኖሮ ተረከዛቸው ሰመጠ። «እዚህ ላይ ጎማ አላሳርፍም» አሉና፣ ቀላሉ መኪና የእኛ ስለሆነ፣ ሰፋ ወዳለው ቦታ ወደ ኋላ ለመመለስ ወሰኑ።

አንዱ ባልደረባችን ሊመራቸው ወረደ። ቅን ልጅ ነው፤ የቆመው ግን በመኪናውና በተቆረጠው ዳገት መካከል፣ ልክ ከኋላ ነበር። «ይምጡ! ይምጡ!» ይላል። መኪናው ትንሽ እንደ ተንቀሳቀሰ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጁ ድንጋይ አደናቅፎት ወድቆ ነበር፤ «ይምጡ» ያለው ድምፁ ገና ከጆሯችን አልጠፋም።

ሾፌሩ ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል። «ልጄ፣ ጩኸትህ አይጠቅመኝም። በመስታወቱ ውስጥ ካጣሁህ እቆማለሁ» አሉት። ከዚያ በእርሳቸው በኩል፣ ከመኪናው ራቅ ብሎ በሰያፍ እንዲቆምና በእጅ ምልክት ብቻ እንዲመራ አደረጉት።

አሁን በቡድናችን መኪናው ወደ ኋላ ሲመለስ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌሎቻችን ወርደን ከመንገዱ እንርቃለን። እኔ ግን አንድ የቀረ ነገር አለ ባይ ነኝ፦ የኋላ ማርሽ ከመግባቱ በፊት ሌላ ሰው ከኩርባው ወዲያ ሄዶ ከኋላ የሚመጣውን ማስቆም አለበት። በዚያ ቀን ማንም አልሄደም።