«ሌሊቱን ሙሉ ተጫወቱ!»

ሰሞኑን እንደገና የአሜሪካኑ ሮክ ቡድን የኦልማን ብራዘርስ ባንድ «አት ፊልሞር ኢስት» ላይ ተጥጃለሁ። ሥራ የሚያስፈታ አልበም ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 1971 ኒውዮርክ፣ ፊልሞር ኢስት አዳራሽ ውስጥ በቀጥታ ከመድረክ የተቀዳ ነው። ሁለት ሸክላ፣ ሰባት ዘፈን። የመጨረሻው «ዊፒንግ ፖስት» ብቻውን አንድ ሙሉ ገጽ ይዟል፣ ወደ 23 ደቂቃ! መጀመሪያ ሳየው «ኧረ በሕግ!» ነበር ያልኩት፤ ምክንያቱም ረጅም የጊታር ሶሎ አልወድም፣ አብዛኛው እዩኝ እዩኝ ነው።

እዚህ ግን ሽሚያ የለም። ዱዌን ኦልማንና ዲኪ ቤትስ ሁለቱም ጊታር ይዘው እንደ አውጪና ተቀባይ ነው የሚጫወቱት፣ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ጠብቆ ይቀበለዋል። ዱዌን ጣቱ ላይ ባዶ የጉንፋን መድኃኒት ብልቃጥ አጥልቆ ክሩ ላይ ያንሸራትታል፤ የአልበሙ መክፈቻ ላይ የሚሰማው ያ ነው። መክፈቻው ደግሞ የብላይንድ ዊሊ ማክቴል ሥራ ነው፣ የጆርጂያው ዓይነ ስውር ጥቁር ብሉዝ ተጫዋች።

ከሁለቱ ድራመሮች አንዱ ጄይሞ ጥቁር ነው፣ የቀሩት ነጮች። ባንዱ በ1969 ተመሥርቶ ሜከን፣ ጆርጂያ ነው የከተመው። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ ጥቁርና ነጭ በአንድ መኪና እየዞሩ መጫወት ቀልድ አልነበረም። ስለ ሳውዘርን ሮክ፣ ማለትም ስለ አሜሪካ ደቡብ ሮክ፣ ሲወራ ለባርነት የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች የኮንፌደሬት ባንዲራ ቶሎ ይነሳል፣ ይሄ ግን ይረሳል። ያናድደኛል።

የምሞትላት ቦታ «ዩ ዶንት ላቭ ሚ» መሐል ናት። ባንዱ ቀጥ ይላል፣ ዱዌን ብቻውን ይቀራል፣ ትንሽ ይጫወታል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጀምራል፣ ታዳሚ መሐል አንዱ «ሌሊቱን ሙሉ ተጫወቱ!» ብሎ ይጮኻል። ዛሬ ቢሆን ጩኸቱን ጠርገው ያወጡት ነበር። ፕሮዲውሰሩ ቶም ዳውድ መቀስ ሳያነሳ አልቀረም፣ ይቺን ግን ተዋት፤ እጁ ይባረክ።

አልበሙ በጁላይ ወጣ። በኦክቶበር ዱዌን ሜከን ውስጥ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ፣ 24 ዓመቱ ነበር። በዓመቱ ቤዝ ተጫዋቹ ቤሪ ኦክሊ እዚያው ሠፈር አካባቢ፣ እሱም በሞተር ሳይክል፣ እሱም በ24 ዓመቱ። አልበሙ የሚወደደው በዚህ ሐዘን ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፣ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው የያዘኝ።

አዲስ ሰሚ ከሆናችሁ በ«ኢን ሜሞሪ ኦቭ ኤሊዛቤት ሪድ» ጀምሩ። ዘፋኝ የለውም፣ 13 ደቂቃ ነው፣ ዲኪ ቤትስ የዘፈኑን ርዕስ ያገኘው ሜከን ካለ የመቃብር ድንጋይ ላይ ነው። «ዊፒንግ ፖስት»ን ለጊዜው ተዉት፣ ይደረስበታል።