ማንደጃው ሳይቀር ብርዱን መቻል

እናቴ የምትኖረው አራት ኪሎ አካባቢ፣ አሮጌ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግድግዳው ራሱ ይረጥባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የማታው ብርድ አጥንት ይገባል። ማንደጃውን ልቀማት ብል አትሰማኝም። ስለዚህ ክልከላውን ትቼ አያያዙን ማስተካከል ያዝኩ።

«ጭስ የለውም እኮ! ምን ያደርገኛል?» ትለኛለች። ጣጣው እዚያ ላይ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን ደግሞ ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም። አመድ የለበሰ ፍምም ያው ነው። እጣን ከተጨሰበትማ ቤቱ ያውዳል፤ ማን ይጠረጥራል?

መጀመሪያ ማቀጣጠሉን ወደ ደጅ አወጣነው። ከሰሉ ውጭ ተያይዞ በደንብ ሲቀላ ይገባል። ቤት ውስጥ ጥሬ ከሰል መጨመር ቀረ።

ከባዱ የአየሩ ጉዳይ ነበር። መስኮቱ ለብርዱ ሲባል በላስቲክ ተለብጧል፤ የበሩ ሥር በጨርቅ ተወትፏል። ሁለቱንም አነሳሁ። ኮርኒሱ ሥር፣ ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ አስከፈትኩና አይጥ እንዳይገባ ሽቦ ወንፊት መታሁበት። ቀዝቃዛው አየር በበሩ ሥር ይገባል፣ የሞቀው በላይ ይወጣል። ማንደጃው እየነደደ ደግሞ መስኮቱ ገርበብ ይላል። «ሙቀቱን ልታስወጣው ነው እንዴ ከሰል የምትገዛልኝ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ጥቂት ሙቀት ይሄዳል። አንድ ጋቢ ደረብንላት።

የሰፈር ምክር አያልቅም። አንዷ ጨው ጣሉበት ትላለች፣ ሌላዋ አጠገቡ ውሃ አስቀምጡ። ጋዙ መሬት ለመሬት ስለሚሄድ አልጋውን ከፍ አድርጉት ያሉንም አሉ። ጋዙ ግን ከአየሩ ጋር ተቀላቅሎ ክፍሉን ሁሉ ይሞላል፤ ጨውም ውሃም አይዘውም።

ማታ ላይ ድርድር የለም። ከመኝታ በፊት ማንደጃው ከነፍሙ ይወጣል። እሷ ሙቅ ውሃ የተሞላ የጎማ ከረጢት እግሯ ሥር አድርጋ ትተኛለች። ውጭ አገር ያለች ዘመዳችን በባትሪ የሚሠራ የጋዝ ማስጠንቀቂያ ልካልን ግድግዳው ላይ ሰቅያለሁ። ቢሆንም እሱን ተማምኖ መስኮት መዝጋት አይቻልም።

ከሰል በነደደበት ቤት ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ሲመጣ ሎሚ አሽትቶ ጋደም ማለት የለመድነው ነው። እኔ አጥብቄ የተቃወምኩት ይሄን ነው። መጀመሪያ ሁሉም ሰው ከቤት ይወጣል፣ ከዚያ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ወይም ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደወላል። ቁጥሮቹን በትልልቁ ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌያለሁ፤ ያለ መነጽር ማንበብ ትችላለች።