ድስቱ የማን ነበር?

ድሬ በገባሁ በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አጎቴ ግቢ በርጫ ላይ ተቀምጠናል። ሰኔ ነው። ሙቀቱ የቆርቆሮውን ጣሪያ ጧ ጧ ያሰኘዋል። ከፍራሹ የሚነሳ የለም። አጎቴ፣ "እስቲ የአውስትራሊያን ወሬ አምጣ" አለኝ። ሜልቦርን ፎርክሊፍት እየነዳሁ ካርቶን ስቆልል እንደምውል ብነግረው ወዲያው እንደሚያንቀላፋ አውቃለሁ። ስለዚህ ጥንቸል ማደን መጀመሬን ነገርኩት። እዚያ ላይ ተሳሳትኩ።

"ጥንቸል? በጠመንጃ?"

በ1969ኙ የሶማሌ ጦርነት ሚሊሻ የነበረ ሰው ነው። ጫቱን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረና፣ "አቦ ተወና! ለጥንቸል ጥይት? በድንጋይ አትላትም?" አለ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። እናቴ ጥግ ላይ ቡና ትቆላለች። አልሳቀችም።

ማስረዳት ነበረብኝ። እዚያ አገር ጥንቸል እንስሳ ብቻ አይደለችም፣ ጠላት ናት። ጥፋቱ የሰው ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1859 ቶማስ ኦስቲን የሚባል ባለ ርስት፣ ቪክቶሪያ ውስጥ ዊንቸልሲ አጠገብ ባለው መሬቱ ላይ፣ ተኩሶ ለመዝናናት ብሎ ከእንግሊዝ ያስመጣቸውን ሁለት ደርዘን ያህል ጥንቸሎች ለቀቀ። ጥንቸል በወር ትወልዳለች። የቀረውን አስቡት። ምዕራብ አውስትራሊያ ከ1901 እስከ 1907 አጥር ሠራ። ዋናው አጥር ብቻ 1,833 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የነበረው የኛ ባቡር ሐዲድ 784 ነበር፤ ከእሱ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። ጥንቸሏ ግን አለፈችው። በ1950 በሽታ ለቀቁባት፤ ብዙ ሞተ፣ የተረፈው በሽታውን ለመደው።

"ታዲያ አንተ ልትጨርሳቸው ነው?" አለ አጎቴ።

እኔማ የገባሁበት በሥራ ባልደረባዬ ነው። ጡረታ ሊወጣ የቀረበ ፈረንጅ። ወንድሙ ከሜልቦርን ሦስት ሰዓት ርቆ በግ ያረባል። "ቅዳሜ እንሂድ" አለኝ። የመጀመሪያ ቀን ባትሪ ብቻ ነው የያዝኩት። ፈቃድ የሌለው ሰው ጠመንጃ አይነካም። በ1996 ታዝማኒያ ውስጥ ፖርት አርተር 35 ሰው ከተገደለ ወዲህ ሕጉ ጥብቅ ነው። ትምህርት ወሰድኩ፣ ተፈተንኩ፣ ለምን እንደምፈልገው አስረዳሁ፣ ባለ መሬቱ መፍቀዱን በጽሑፍ አቀረብኩ። ጠመንጃውን ለመግዛት ደግሞ ሌላ 28 ቀን ጥበቃ። ቤት ውስጥ ጠመንጃው በብረት ሣጥን ይቆለፋል፣ ጥይቱ ለብቻው ይቆለፋል።

"ሚስት ብታገባ ይቀልህ ነበር" አለች የጎረቤታችን ልጅ።

የሚሰጥህ ደግሞ ክላሽ አይደለም። ሃያ ሁለት ካሊበር የሚሉት ነው፣ ትንሽዬ፤ እንደ ድሮው ምንሽር አንድ አንድ እያቀባበልክ የምትተኩሰው። አጎቴ ይህን ሲሰማ ትንሽ አከበረኝ መሰለኝ። ምንሽር የአባቱ ነበረ።

ማታ ማታ ነው ሥራው። ባለ እርሻው መጀመሪያ መሬቱን በእግሬ አዞረኝ። ቤቱ በዚህ፣ መንገዱ በዚያ፣ በጎቹ ከዛፎቹ ወዲያ። ያቺ ትንሽ ጥይት ከሳተች ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ስለዚህ ጉብታ አናት ላይ ሰማይ ደገፍ ብላ የተቀመጠች ጥንቸል ምንም ብትቀርብ አትተኮስም። ከኋላዋ አፈር መኖር አለበት። ነፋሱን ፊትህ ላይ አድርገህ ትጠጋለህ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከጉድጓዳቸው ይወጣሉ። የኛዋ ጥንቸል ጉድጓድ አትቆፍርም፣ ቁጥቋጦ ሥር ነው የምትተኛው፤ ልጇም ጸጉር ለብሶ ዓይኑን ገልጦ ይወለዳል። የዚያኛዋ ልጅ እርቃኑንና ዕውር ሆኖ መሬት ውስጥ ነው የሚወለደው። አንድ ኮረብታ ሙሉ ወንፊት ሆኖ አይቻለሁ።

እርጥብ ሣር ላይ ተኛሁ። ሃምሳ ሜትር ያህል ትሆናለች። ባልደረባዬ በቀስታ አፏጨ። ጥንቸሏ ቀና ብላ ቆመች፣ ጆሮዋን አቆመች። ምላጩን ሳብኩ። ድምፁ በር እንደመዝጋት ነው፣ ሰደፉም ትከሻህን አይመታም። ወደቀች። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ሁለተኛዋን ግን አቆሰልኳት። እየተንፏቀቀች ጉድጓዷ ገባች። ባለ እርሻው ባትሪውን አጠፋ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ "እርግጠኛ ካልሆንክ አትተኩስ" አለኝ። ቀኑን ሙሉ ስለ ጥንቸል ሲራገም የዋለው እሱ ነው እኮ! ያን ማታ ሌላ አልተኮስኩም። ይህን ለበርጫው አላወራሁም።

"ሥጋውስ?" አለች ጎረቤታችን።

የፈራሁት ጥያቄ መጣ። እኛ ጋ ጥንቸል እንደማይበላ ሁሉም ያውቃል። ዘሌዋውያን ላይ ተጽፏል፤ ታመሰኳለች፣ ሰኮናዋ ግን አልተሰነጠቀም። ሆኖም ቤት የምጋራው የሐረር ልጅ እስላም ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥንቸሎች ሳመጣ ወዲያው ጀጎል አባቱ ጋ ደወለ። ሽማግሌው መጀመሪያ፣ "ለዚህ ነው በሌሊት የምትደውለው? እናትህ እኮ ደነገጠች!" አሉት። ከዚያ፣ ሀላል ነው፣ ክርስቲያን ቢተኩስም የመጽሐፍ ሰው ነው፣ ግን የአላህን ስም ይጥራ፣ ነፍስ ካለባት ደግሞ ቶሎ ትታረድ አሉ። "ያሁኖቹስ?" አለ ልጁ። "ስም ካልተጠራባቸው ተዋቸው።" ሦስቱም ለባልደረባዬ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ እኔ ማተቤን ያሰርኩት፣ ጭቃ ላይ ተኝቼ፣ ምላጭ በሳብኩ ቁጥር "ቢስሚላህ" እላለሁ። እሱ ቢላ ይዞ ከኋላዬ ይቆማል። ባልደረባዬ የሁላችንም አገር ጸሎት ይመስለዋል።

ጎረቤታችን ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አጎቴም ሳቀ። "እና እሱ ይበላዋል" አልኩ። "በበርበሬና በቲማቲም ይሠራዋል።" ወሬው በዚሁ ወደ ሌላ አለፈ። ተመስገን አልኩ።

ማታ አልጋ ግቢ አወጣን። እናቴ ከአጎበሯ ውስጥ ናት። የተኛች መስሎኝ ነበር።

"ስማ" አለች። "ያ የሐረሩ ልጅ ሲሠራው፣ ድስቱ የማን ነበር?"

"የራሱ።"

"ለብቻው?"

"ለብቻው። ክዳኑም ለብቻው።"

ዝም አለች። ሩቅ ባጃጅ አለፈ።

"ማንኪያውስ?"

ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ።