ቀድማችሁ ግቡ

ትናንት ማታ ሦስት ባንዶች ሰምቼ ነው ቤቴ የገባሁት። አንዱ ሮክ፣ ሁለቱ ሜታል። ሁሉም ቀን ሥራና ትምህርት ላይ ውለው ማታ ማታ የሚለማመዱ ልጆች ናቸው። አዳራሹ ጠባብ ነው። መድረኩ ከወለሉ በአንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ይላል፤ ፊት የቆመ ሰው እጁን ቢዘረጋ ጊታሩን ይነካዋል። ሜታል ለመስማት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም ብዬ አምናለሁ፣ ለምን እንደሆነም እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ያንገበገበኝን ነገር ላውጣው።

የመጀመሪያው ባንድ ሲወጣ አዳራሹ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ሰው ጠፍቶ አይደለም፣ በር ላይ ቆሞ ያወራል። ዋናዎቹ ሲጀምሩ እንገባለን ነው ነገሩ። እኔ እንደዚህ ማድረግ ልጆቹን መበደል ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚጫወት ባንድ ያለዚያም ዕድሉ ጠባብ ነው። ሳውንድ ቼክ፣ ማለትም በሩ ሳይከፈት የሚደረገው የድምፅ ሙከራ፣ ብዙ ጊዜ የሚደረገው በግልባጭ ነው። መጨረሻ የሚጫወተው ቀድሞ ይሞክራል፣ መጀመሪያ የሚጫወተው በመጨረሻ፤ እንዲህ ሲሆን ዕቃው እንደተተከለ፣ ድምፁን የሚያመጣጥነው ሚክሰርም እንደተስተካከለ ይጀመራል። ሲታሰብ ጥሩ ነው። ግን አንዱ አርፍዶ መጣ፣ አንዱ ገመድ አልሠራም አለ፣ ሰዓቱ ይበላል፣ የተበላው ሰዓት ደግሞ ሁሌም የእነዚህ ልጆች ነው። ትናንትም አንድ ዘፈን እንኳ ሙሉውን ሳይሞክሩ ነው በሩ የተከፈተው።

ባዶ አዳራሽ ደግሞ ክፉ ነው። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይመለሳል፣ ሲምባሉ፣ ያ የድራሙ ነሐስ ሳህን፣ ጆሮ ይበሳል፣ የዘፈኑ ቃል አይለይም። ሰው ሲሞላ ገላውና ልብሱ ያንን ሹል ድምፅ ይመጥጠዋል። ቀድሞ ገብቶ የቆመ ሰው፣ ባያጨበጭብ እንኳ፣ በመቆሙ ብቻ ባንዱ የተሻለ እንዲሰማ እያደረገ ነው። ይህን በር ላይ ለቆሙት ሁሉ እየዞርኩ ብነግራቸው ደስ ባለኝ።

ልጆቹ ግን ጥሩ ነበሩ! አራት ናቸው፣ ፈጣን ሮክ ይጫወታሉ፣ ድምፃዊቷ ማይኩን አፏ ላይ ለጥፋ ነው የምትዘፍነው። መድረኩ ላይ ምንጣፍ ስላልነበረ ድራመሩ በእግሩ ኪኩን በመታ ቁጥር ትልቁ ከበሮ ትንሽ ትንሽ ወደ ፊት ይሄዳል። ልጁ በእግሩ እየተከተለው፣ ወንበሩን በአንድ እጁ እየጎተተ፣ ምቱን ሳይስት ቀጠለ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ቤዝ ተጫዋቹ አየው። ምንም ሳይናገር መጣና ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ የግራ ጫማውን ከበሮው ላይ ደግፎ ቆመ። እስከ መጨረሻው በአንድ እግሩ ቆሞ ነው የተጫወተው። አንድም ኖታ አልሳተም። እኔ ቆሜ የነበረው ከኋላው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው፣ የጫማው ጫፍ በእያንዳንዱ ምት ሲንቀጠቀጥ ይታየኝ ነበር። ትልቅ መድረክ ላይ ይህን ማን ያሳያችኋል?

ሁለተኛው ባንድ ፍጥነት የሚባል ነገር የለውም። ቀስ ያለ፣ ከባድ፣ አንድ ሪፍ (የሚደጋገም አጭር የጊታር ዜማ) ላይ ብዙ የሚቆይ ሜታል ነው የሚጫወቱት። ጊታሮቻቸውን ወደ ታች አውርደው ነው የሚቃኙት። በተለመደው ቅኝት የጊታር ወፍራም ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ እነሱ ሁለት ሙሉ ድምፅ ዝቅ ሲያደርጉት 65 ይሆናል፣ ቤዙ ደግሞ የዚህ ግማሽ። ያን ጊዜ ድምፁን ከጆሮ ይልቅ ደረት ነው የሚሰማው። ሱሪዬ እግሬ ላይ ሲርገበገብ ይታወቀኝ ነበር።

ይህ ቅኝት ታሪክ አለው፣ ሁሌም ሳስበው ይገርመኛል። የሜታል ፈር ቀዳጅ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ፣ የብላክ ሳባዝ፣ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ 17 ዓመቱ ላይ በርሚንግሃም ውስጥ ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ ጉዳቱ የደረሰው ክር በሚጫንበት ቀኝ እጁ ላይ ነበር። ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው፣ ቀጫጭን ክር ፈልጎ ገጠመ፣ በኋላም ክሩ እንዲላላለት ቅኝቱን አወረደው። የባንዱ የመጀመሪያ አልበም የወጣው እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 1970 ነው። ትናንት ማታ ልጆቹ የተጫወቱት ዓይነት ከባድ ድምፅ ብዙው ከዚያ ሰው እጅ የወጣ ነው። ጣት ተቆርጦ ጊታር በቃኝ ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር።

ዲስቶርሽን፣ ያ የኤሌክትሪክ ጊታር ሻካራ ድምፅ፣ ጩኸት ብቻ ነው ለሚሉኝ ሰዎች በገና አድምጡ እላቸዋለሁ። የበገና ጅማት ከቆዳው ጋር እየተነካካ የሚሰጠው ዝዝታ ባይኖር በገና በገና አይሆንም። የጊታሩም ጉርምርምታ እንደዚያው ነው፣ ድምፁን የሚያወፍረው እሱ ነው። ደግሞ ዝም ብለው አይጫወቱትም። ዲስቶርሽኑ ሲበዛ ብዙ ኖታ አንድ ላይ ከተመታ ይጨቀያል፤ ስለዚህ ሁለት ኖታ ብቻ፣ መነሻውንና አምስተኛውን፣ ይዘው ይመታሉ። ፓወር ኮርድ የሚባለው ይኼው ነው።

ድምፁን ስለሚያስተካክለው ሳውንድ ማን ካልጻፍኩ ግፍ ይሆንብኛል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ችግሩ ድራም ነው። ድራም ድምፁ የሚቀነስበት ቁልፍ የለውም፣ ያለ ማይክም ክፍሉን ይሞላዋል። ጊታሪስቱ ራሱን መስማት ሲያቅተው አምፑን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ማጉያ፣ ከፍ ያደርጋል፣ ቤዙም ይከተላል፣ በመጨረሻ የሚሰምጠው ድምፃዊው ነው። የእሱን ማይክ ከፍ ካደረጉት ደግሞ ማይኩ አምፑን ጭምር ሰብስቦ ያፏጫል። ሳውንድ ማኑ ሁለተኛው ባንድ ሊጀምር ሲል ወደ መድረክ ወጣ፣ ጊታሪስቱን በጆሮው አንድ ነገር አለው፣ የጊታር አምፑን ትንሽ ወደ ጎን አዞረው። በቃ። የዘፈኑ ቃል መሰማት ጀመረ። ማንም አላጨበጨበለትም፣ እኔ ግን አጨብጭቤያለሁ።

ጆሯችሁንም አትርሱ። የድምፅ ጉልበት 85 ዴሲቤል ላይ ሲሆን ጆሮ የሚችለው 8 ሰዓት ነው፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ የቀረው 15 ደቂቃ ነው ማለት ነው። የሜታል ምሽት ከ100 ማለፉ አዲስ ነገር አይደለም። የጆሮ መድፈኛ ያዙ። እኔ ሁሌም ይዤ ነው የምሄደው፣ እንዲያውም ድምፃዊው የሚለው ይበልጥ ይለይልኛል።

ሦስተኛው ባንድ ሲወጣ አዳራሹ ጢም ብሏል። ቀወጡት! ድራመሯ ሁለት ፔዳል ነው የምትረግጠው፣ ፍጥነቱ ሲጨምር እግሯ አይታይም፣ ትከሻዋ ግን የተረጋጋ ነው፣ እሱ ነው የሚያስደንቀው። ድምፃዊው ያን የሚያጓራ ድምፅ ሲያወጣ ጉሮሮው የሚቀደድ ይመስላል፤ በደንብ የተማረ ሰው ግን ትንፋሹን ከሆዱ ገፍቶ ከድምፅ አውታሮቹ በላይ ያለውን ሥጋ ነው የሚያርገበግበው። በዘፈኖቹ መሃል ሲያወራን ድምፁ ለስላሳ ነበር። ፊት ያለው ሰው መገፋፋት ጀመረ፣ አንድ ልጅ ወደቀ፣ ወዲያው ከአራት አቅጣጫ እጅ መጥቶ አነሳው። መነጽሩንም አንድ የማያውቀው ሰው ከፍ አድርጎ ይዞ ባለቤቱን ይፈልግ ነበር።

መሃል ላይ የጊታሪስቱ ክር ተበጠሰ። የመጀመሪያው ባንድ ጊታሪስት ጊታሩን ይዞ ሮጠ፣ ግን የእሱ ቅኝት የተለመደው ነው፣ አይሆንም። ያን ጊዜ የሁለተኛው ባንድ ልጅ ዝቅ ብሎ የተቃኘውን ጊታሩን ከሻንጣው አውጥቶ በሰው ራስ ላይ አሻግሮ አቀበለው። ድራመሯና ቤዙ ዘፈኑን አላቆሙም፣ ያንኑ ምት እየደጋገሙ ጠበቁት። ሲመለስ አዳራሹ የጮኸውን ጩኸት ብትሰሙት!

ሲያልቅ ያንን በአንድ እግሩ የቆመ ቤዝ ተጫዋች ገመድ ሲጠቀልል አገኘሁት። ሦስተኛው ዘፈናችሁ የት ይገኛል ብዬ ጠየቅኩት። «ገና አልቀዳነውም ወንድሜ፣ ስቱዲዮ ለመግባት እያጠራቀምን ነው» አለኝ። ቲሸርት እየሸጡ ነበር፣ ገዛሁ። የሚቀጥለው ምሽታቸው ላይም እነሱ ናቸው ቀድመው የሚወጡት። በሩ ሲከፈት እዚያ ነኝ፣ ከእናንተም የሚመጣ ካለ ይጻፍልኝና አብረን እንግባ። ዘፈኑ ሲቀዳ እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።