በራሴ ዶጆ ልጄን ከፈተና የጣልኳት ቀን

ዶጆ (የካራቴ ማሰልጠኛ ቤት) ከመክፈታችን በፊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ኪራዩ ነበር፣ ሰው ባይመጣስ ነበር፣ የሰው ልጅ እጁን ቢሰበርብኝስ ነበር። ልጄ ጫማዬን ይዛ በር ላይ ትጠብቀኛለች ብዬ ግን በህልሜም አላሰብኩም። እሱ ጋ እመጣለሁ።

የጀመርነው ሶስት ሆነን ነው። እኔ አስተምራለሁ፣ ባለቤቴ ትመዘግባለች (ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረ፣ ማንን ጉንፋን እንደያዘው የምታውቀው እሷ ናት፣ እውነቱን ለመናገር ቤቱን የምትመራው እሷ ናት እኔ የምጮኸው ነኝ)፣ የ11 አመቷ ልጃችን ደግሞ ራሷን ረዳት አሰልጣኝ አድርጋ ሾመች። አዳራሹ 6 በ9 ሜትር ነው፣ እንደ ፐዝል እየተገጣጠመ የሚነጠፍ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የስፖንጅ ምንጣፍ 54 ገዛን። ሒሳቡ ልክ ነው። ብቻ መሀል ላይ ምሰሶ አለ፣ እሱን ረስቼዋለሁ። ማታ ሶስታችንም ተንበርክከን ምንጣፍ በቢላ ስንቆርጥ አመሸን፣ የተረፈውን ቁራጭ ምሰሶው ላይ ጠቀለልነው፣ እስካሁን ሳይጋጨው የቀረ ሰልጣኝ የለም፣ ልጆቹ ሲጋጩት ጎንበስ ብለው ሰላምታ ይሰጡታል። የውድድር ሜዳ 8 በ8 ሆኖ ዙሪያውን ሌላ 1 ሜትር ይጨመርለታል፣ እኛ ጋ ውድድር አይታሰብም ማለት ነው፣ ለምሰሶ ግን ማንም አይችለንም።

እቅዴ ሶስት ክላስ ነበር፣ ህጻናት፣ ወጣቶች፣ አዋቂዎች። በመጀመሪያው ወር ህጻናቱ ዘጠኝ፣ ወጣቶቹ ሁለት፣ አዋቂዎቹ ሶስት፣ ከሶስቱ አንዱ ወንድሜ። ባለቤቴ ደብተሩን ገልጣ አየችና "ለሁለት ሰው መብራት አብርተህ አትጮህም" አለችኝ። በቃ ቀላቀልናቸው። ችግር ነው ያቀላቀለን፣ አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ግን አስቤበት ያደረግኩት አስመስዬ ነው የማወራው።

ካራቴ ውስጥ ሰልፍ በቀበቶ ደረጃ ነው እንጂ በእድሜ አይደለም። ስለዚህ አንድ የ8 አመት ባለ ብርቱካናማ ቀበቶ ከ63 አመት ሴትዮ በላይ ይቆማል። እሳቸው የልጅ ልጃቸውን እያመጡ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሲያዩ ቆይተው አንድ ቀን "እኔስ አይቻለኝም?" ብለው ነው የገቡት። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ በጃፓኖቹ አቀማመጥ ተረከዛቸው ላይ መቀመጥ አይችሉም፣ ቆመው ነው ሰላምታ የሚሰጡት፣ አቋቋማቸውም ከሌላው ከፍ ያለ ነው፣ ይሁን ብያለሁ፣ ካታው (በቅደም ተከተል የሚሰራው የእንቅስቃሴ ልምምድ) ያው ካታ ነው። ቀበቶ ማሰር ግን እምቢ አላቸው። መሀሉን እምብርት ላይ አድርጎ፣ ሁለቴ ዞሮ፣ አንዱን ጫፍ ከሁሉም ስር አሾልኮ፣ ከዛ ቋጠሮ፣ ሁለቱ ጫፎች እኩል መውረድ አለባቸው። እሳቸው ሲያስሩት ሁሌ አንዱ ጉልበታቸው ጋ ሌላው ሆዳቸው ላይ ነው። ያ የ8 አመት ልጅ ምላሱን ወጣ አድርጎ ፊታቸው ቆሞ ያስርላቸዋል፣ "እማማ አይንቀሳቀሱ" እያለ፣ እሳቸውም ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቁታል። ይሄ ልጅ እኔ ስናገር ሁለት ደቂቃ ቀጥ ብሎ ቆሞ አያውቅም እኮ።

ለሁሉም መጀመሪያ የማስተምረው ካታ ሄያን ሾዳን ነው፣ 21 እንቅስቃሴ። ሄያን የሚባሉትን አምስት ካታዎች ያዘጋጃቸው ኢቶሱ የሚባለው የኦኪናዋ መምህር ነው፣ በፈረንጆቹ 1901 ካራቴን ትምህርት ቤት ካስገባ በኋላ ረዣዥሞቹን ካታዎች ለተማሪ እንዲመቹ አድርጎ። የህጻን ነገር ነው ብሎ ቅር የሚለው አዋቂ ካለ ይሄን እነግረዋለሁ፣ ያው ዘጠነኛው እንቅስቃሴ ላይ ጮኸህ ስትዞር እናያለን እለዋለሁ።

የልጄም ጉድ እዛው ላይ ነው። ወደፊት ሶስት ጊዜ እየመከትክ ሄደህ ሶስተኛው ላይ (ያ ዘጠነኛው ነው) ኪያይ የሚባለውን ጩኸት ትጮኻለህ፣ ከዛ በግራ በኩል በጀርባህ ዞረህ ሶስት አራተኛ ክብ ትሰራለህ። ስትዞር የኋላው እግር ተረከዝ መሬት መንካት አለበት። የሷ ተነስቷል። አንዴ ሳይሆን በዞረች ቁጥር። ከቀበቶ ፈተናው በፊት ሁለት ሳምንት ልምምድ ቀርታለች፣ ፈታኙ አባቷ ነዋ። እማማ የዛን ቀን አለፉ፣ የ8 አመቱ ልጅ አለፈ፣ ወንድሜ እንኳን አለፈ። እሷን ጣልኳት። ባለቤቴ ከደብተሩ ቀና ብላ አየችኝ፣ ምንም አላለችም፣ እኔ ደግሞ ከዛ ዝምታ ጩኸት ይሻለኝ ነበር።

ቤታችን ውስጥ አንድ ደንብ አለ፣ ጫማ አውልቀን ከገባን ሴንሴይ (አስተማሪ) ነኝ፣ ጫማ ካደረግን አባዬ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ በሩ ጋ ቆማ አገኘኋት፣ ጫማዬን ይዛለች።

"በል አድርግ፣ አባቴን ነው የማናግረው።"

ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ ማሰሪያውን ሳስር ለማጽናናት ታሪክ ጀመርኩላት፣ ቀበቶ እኮ ከጁዶ የመጣ ነው፣ ፉናኮሺ የሚባለው የካራቴ መምህር የመጀመሪያዎቹን ጥቁር ቀበቶዎች የሰጠው 1924 ላይ ነው፣ ከዛ በፊት ስንት የካራቴ ሊቅ ያለ ቀበቶ ኖሮ ሞቷል ምናምን...

"አባዬ፣ ታሪክ አልጠየቅኩህም። የሌላ ሰው ልጅ ብሆን ትጥለኝ ነበር?"

ምን ልበላችሁ። ሌላ ልጅ ቢሆን በሚቀጥለው አስተካክል ብዬ አሳልፈው ነበር፣ ተረከዝ ብዙ ሰው ያነሳል። የጣልኳት ለልጁ አዳላ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው፣ ስለዚህ አዳልቻለሁ፣ በተቃራኒው። እውነቱን ነገርኳት። ተናደደች፣ አለቀሰች፣ ቤት እስክንደርስ ሶስት እርምጃ ቀድማኝ ነው የሄደችው። ፈተናውን ግን ልድገምልሽ ስላት እምቢ አለች፣ "አሁንማ እንዳሳለፍከኝ ነው የሚወራው" ብላ፣ ትክክል ነበረች።

ከዛ በኋላ ቤተሰብ አልፈትንም። የቤተሰብ ዶጆ ልትከፍቱ ያሰባችሁ ካላችሁ ከምንጣፉም ከማስታወቂያውም በፊት ይሄን ጨርሱ፣ የራሳችሁን ልጅ፣ ሚስት፣ ወንድም የሚፈትን የውጭ ሰው ይኑራችሁ። እኔ የድሮ አስተማሪዬን ለመንኳቸው። ከሶስት ወር በኋላ መጡ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ልጄን ካታ አስሰሯት፣ ወንድሜን አስሰሩት፣ ከዛ ሳላስበው "አንተም ና" አሉኝ። ሰልጣኞቼ ሁሉ እያዩ ሄያን ሾዳን ሰራሁ።

ልጄ አለፈች። ወረቀቷ ላይ ስለ ተረከዟ አንድ መስመር ጽፈውባታል። ጫማቸውን እያደረጉ ወደኔ ዞር ብለው "የሷ እየተስተካከለ ነው፣ ያንተ ግን አሁንም ይነሳል፣ ካንተ ነው የወሰደችው" አሉኝ። ልጄ ምሰሶውን ተደግፋ ሰምታለች።