ውድቅ ከሆነው የወገብ ጉዳት ማመልከቻዬ የተማርኩት

በአሜሪካ ጦር ውስጥ 6 ዓመት በከባድ መኪና ሾፌርነት አገልግያለሁ። ወገቤን የተጎዳሁት ኩዌት ሳለሁ ጭነት ስናወርድ ነው፤ በማግሥቱ ግን ክኒን ውጬ መሪዬን ያዝኩ እንጂ ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም። «ቻል አድርገው» እየተባለ ላደገ ሰው ይህ የሚገርም አይደለም። ዋጋ ያስከፈለኝ ከጦሩ ከወጣሁ በኋላ የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ ለሚይዘው መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ቪኤ ለምንለው፣ የጉዳት ካሳ ማመልከቻ ባስገባሁ ጊዜ ነው።

ማመልከቻው ውድቅ መሆኑን የሚገልጸው ደብዳቤ ሲደርሰኝ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አንብቤ በንዴት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ 7 ወርም እዚያው ተኛ። ያወጣሁት ከቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በአንዱ በነጻ የሚያግዝ፣ እውቅና ያለው ተወካይ «እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው። የጎደለኝ ነገር ውስጡ በግልጽ ሰፍሮ ነበር። ሕመሙ ዛሬ እንዳለብኝ ተቀብለዋል፤ ነገር ግን በአገልግሎት ላይ ሳለሁ ጉዳት እንደደረሰብኝም ሆነ ሁለቱ እንደሚገናኙ የሚያሳይ ማስረጃ አልነበረም። እውነታቸውን ነው፤ ሦስቱ ካልተሟሉ ካሳ የለም።

ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚሠራበት ሥርዓት አዲስና አግባብነት ያለው ማስረጃ ይዞ ተጨማሪ ማመልከቻ ማስገባት፣ ያው ፋይል በከፍተኛ ባለሙያ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ፣ ወይም ለይግባኝ ቦርድ ማቅረብ ይቻላል። ሁለተኛው መንገድ አዲስ ማስረጃ አይቀበልም። የእኔ ፋይል በስህተት የተነበበ ሳይሆን ባዶ ስለነበር የመጀመሪያውን መረጥኩ።

አብሮኝ ይሠራ የነበረ ወታደር ያየውን ጻፈልኝ፦ ምን ስናወርድ እንደወደቅኩ፣ ከዚያም ለሳምንታት ከመኪናው የምወርደው በሩን በሁለት እጄ ይዤ እንደነበር። የበለጠ ያለፋኝ የሐኪሜ ደብዳቤ ነው። መጀመሪያ የጻፉልኝ «ከውትድርናው ጋር ሊያያዝ ይችላል» የሚል ነበር፤ ተወካዩ አንብቦ መለሰልኝ። ሊያያዝ የሚችል ነገር ላይያያዝም ይችላልና። ሐኪሜ የአገልግሎት መዝገቤንና የጓደኛዬን ምስክርነት ካነበቡ በኋላ፣ የመያያዙ ዕድል ካለመያያዙ ቢያንስ እኩል መሆኑን ከነምክንያቱ ጻፉ። ሕጉ የሚጠይቀው ሚዛን ይኸው ነው፤ እርግጠኝነትን አይጠይቅም።

ቪኤ ለካሳው ባዘዘልኝ የመጀመሪያ የሕክምና ምርመራ መርማሪው «እንዴት ነህ?» ሲለኝ እንደ ልማዴ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብዬ ነበር። የእኔ ሰላምታ በሪፖርቱ ላይ የጤንነት ማረጋገጫ ሆኖ አገኘሁት! ጎንበስ በል ስባልም ጥርሴን ነክሼ እስከምችለው ድረስ ጎነበስኩ። በሁለተኛው ምርመራ ግን ሕመሙ የሚጀምርበት ላይ ስደርስ ተናገርኩና ቆምኩ፤ መለኪያው 50 ዲግሪ አሳየ። ወደ ፊት መጉበጥ ከ30 በላይ ሆኖ ከ60 ዲግሪ ካላለፈ የወገብ ጉዳት በ20 በመቶ ይመዘናል፤ የተወሰነልኝም ይኸው ነው።

ተጨማሪውን ማመልከቻ ያስገባሁት ውሳኔው በተሰጠ በ10ኛው ወር ስለሆነ ክፍያው የመጀመሪያውን ማመልከቻ ካስገባሁበት ቀን ጀምሮ ታሰበልኝ። ከውሳኔው በኋላ አንድ ዓመት ቢያልፍ ኖሮ ማመልከት ባይከለከልም ቆጠራው ከአዲሱ ማመልከቻ ቀን ይጀምር ነበር፤ ያ ደብዳቤ ሌላ ሦስት ወር መሳቢያ ውስጥ ቢቆይ ያለፈው ገንዘብ በሙሉ ቀርቶብኝ ነበር።